የጭነት ባቡርን በሜዳ ላይ ፎቶ ለማንሳት ከየት ይቆማል?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ለገሃር፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው። በትርፍ ጊዜዬ ፎቶግራፍ አነሳለሁ። አሁን ደግሞ ኮንቴይነር የጫኑትን የጅቡቲ ባቡሮች ከከተማ ርቄ፣ ሜዳና ተራራ በሚታይበት ቦታ ላነሳቸው አስቤአለሁ። አንድ ቀን ከሞጆ ወዲያ ወጥቼ ከጠዋት እስከ ረፋድ ወደ አዲስ አበባ የሚመጡትን ባነሳም፣ የሁሉም ፊት ጠቁሮ ሰማዩ ብቻ ነጥቶ ቀረ። የት ልቁም? የጭነት ባቡር የሚያልፍበትን ሰዓትስ እንዴት ማወቅ ይቻላል?
አንባቢ፣ ከለገሃር

መልስ፦ ፊታቸው የጠቆረው በካሜራዎ ጉድለት አይደለም። ሐዲዱ ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ባለው ርቀት በጥቅሉ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል፤ ስለዚህ ጠዋት ላይ ፀሐይ ፊቱን የምታበራለት ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ባቡር ሲሆን፣ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ግን ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ ስለሚመጣ ፊቱ ጥላ ውስጥ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ተራው ይለወጣል። የገቢ ዕቃ ጭነው የሚመጡትን ባቡሮች ማንሳት ከፈለጉ ከ10 ሰዓት ጀምሮ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ያለውን ጊዜ ይምረጡ። ከአዋሽ ወዲያ መስመሩ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቢታጠፍም ይኸው ደንብ በአብዛኛው ይሠራል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ከሐዲዱ በየትኛው ጎን መቆም እንደሚገባ ነው፤ በዚህ ላይ የውጭ አገር መመሪያዎች ያሳስቱናል። በአውሮፓ የተጻፉት መጻሕፍት የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል እንደምትሆን ቆጥረው በስተ ደቡብ መቆምን ይመክራሉ። አዲስ አበባ ግን በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት አንሥቶ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ የምትውለው በስተ ሰሜን ነው። በእነዚያ ወራት በስተ ደቡብ የቆመ ሰው የሚደርሰው ጥላ ያጠላበት የባቡሩ ጎን ነው። ፀሐይዋ በአናት ላይ በምታልፍባቸው በሁለቱ መሸጋገሪያዎች ደግሞ ቀትር ላይ ብርሃኑ ሁሉ በፉርጎዎቹ ጣሪያ ላይ ስለሚያርፍ በየትኛውም ጎን መቆም ዋጋ የለውም፤ ምሳ መብላት ይሻላል። በታኅሣሥና በጥር ግን ፀሐይዋ ወደ ደቡብ አጋድላ ስለምትሄድ የሥራው ሰዓት ይረዝማል።

ዝቅ ያለ ብርሃን የሚፈለገው ለቀለሙ ውበት ብቻ አይደለም። የኮንቴይነርን ጎን ቀርበው ቢያዩት ከላይ እስከ ታች የተሸነሸነ ቆርቆሮ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከጎን የሚመጣው ብርሃን እያንዳንዱን ሽንሽን በቀጭን ጥላ ለይቶ ያወጣዋል፤ ቀትር ላይ ግን ያው ቆርቆሮ ቀለም የተቀባ ካርቶን መስሎ ይታያል። ነጭ ኮንቴይነሮች በተለይ ቶሎ ስለሚነጡ የብርሃን መጠኑን በእነርሱ ይለኩ፤ የጨለመውን በኋላ ማብራት ይቻላል፣ የነጣውን ግን መመለስ አይቻልም።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ የመንገደኛ ባቡር የታወቀ መነሻ ሲኖረው የጭነት ባቡር የሚንቀሳቀሰው እንደ ወደቡና እንደ ጭነቱ ሁኔታ ነው። ቢሆንም ፍንጭ አለ። መስመሩ ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ሐዲድ ሲሆን ከአዳማ ወዲያ ነጠላ ነው፤ በነጠላው ሐዲድ ላይ ፊት ለፊት የሚመጡ ባቡሮች የሚተላለፉት በጣቢያዎች ብቻ ነው። በአንድ ጣቢያ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ የጭነት ባቡር ካዩ ሌላ ባቡር እየመጣ መሆኑን፣ ያ እንዳለፈ ደግሞ የቆመው እንደሚነሣ መገመት ይችላሉ። ስለዚህ አላፊ ባቡር ሲያዩ ዕቃዎን ሰብስበው ለመመለስ አይቸኩሉ።

ቦታ ለመምረጥ ቤትዎ ሆነው የሳተላይት ካርታ ይመልከቱና ሐዲዱ የሚታጠፍበትን፣ አጠገቡም ጉብታ ያለበትን ይፈልጉ። ባቡሩ ሲታጠፍ ከፊቱ እስከ መጨረሻው ፉርጎ በአንድ ፎቶ ይገባል። ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ብቻውን ከ12 ሜትር በላይ ስለሚረዝም የ30 ፉርጎ ባቡር ወደ 400 ሜትር ይጠጋል፤ ቀጥ ባለ ሐዲድ አጠገብ ሆነው ይህን ርዝመት ለማሳየት አይችሉም። በቢሾፍቱና በሞጆ ዙሪያ ያለው የጤፍ ማሳ በመስከረም አረንጓዴ፣ በኅዳር ወርቅማ ነው፤ እኔ ኅዳርን እመርጣለሁ፣ ከዝናቡ በኋላ የቀረው ጥርት ያለ አየርም ገና አቧራ አልበዛበትም። በመተሐራ በኩል የፈንታሌ ተራራና ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ዐለት ለባቡሩ ከሁሉ የበለጠ ዳራ ይሆኑታል። ሆኖም በ2017 ዓ.ም በዚያ አካባቢ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ነዋሪዎች እንደ ተፈናቀሉ ይታወሳልና ከመሄድዎ በፊት የአካባቢውን ሁኔታ ይጠይቁ። በመኪና ከሄዱ በአሮጌው የዱከም መንገድ ይሂዱ፤ በፍጥነት መንገዱ ላይ ለፎቶ መቆም ክልክል ነው።

ካሜራ ከማውጣትዎ በፊት ግን ሰው ያናግሩ። ሐዲዱ ጥበቃ ያለው የመንግሥት ንብረት ነው፤ ረጅም ሌንስ ይዞ ሜዳ ላይ የሚቆም እንግዳ መጠየቁ አይቀርም። ከባቡር ድርጅቱ የፈቃድ ደብዳቤ ያስጽፉ፣ መታወቂያዎን ይያዙ፣ በአቅራቢያው ላለው ቀበሌም ያሳውቁ። ከብት ጠባቂዎችም የራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ በዚህ መስመር ከብትና ግመል በባቡር ስለሚገጭ የካሳ ጉዳይ ብዙ አነጋግሯል፣ ሐዲድ ዳር ቆሞ የሚያነሳ ሰው ለምን እንደመጣ ቢጠይቁ አይፍረዱባቸው። ሰላምታ ሰጥተው፣ ያነሱትን በካሜራው መስኮት ቢያሳዩአቸው ባቡሩ በየት በኩል እንደሚመጣ ከማንም በፊት የሚነግሩዎት እነርሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ካለ መሥሪያ ቤት ሦስት ባልደረቦች ሆነን አዋሽ አካባቢ ሄደን ነበር። በረጅም ሌንስ ያነሳነው ሁሉ ብዥ ብሎ ወጣ። ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/500 ሴኮንድ አድርገን ነበር፤ አነሰ ይሆን?
አንባቢ፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ እናስላው። የጭነት ባቡር በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይሄዳል፤ በ1/500 ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ በ1/1000 ደግሞ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። ባቡሩ ከፊት በሰያፍ ወደ እናንተ ሲመጣ ይህ ብዙም አይታይም፤ በጎን ሲያልፍ ግን 1/1000 ይሻላል። የእናንተ ችግር ግን ሌላ ይመስለኛል። አዋሽ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቆላ ነው፤ ከረፋዱ ጀምሮ ከጋለው መሬት የሚነሣው ሙቅ አየር በምጣድ ላይ እንደሚታየው እንፋሎት ይርገበገባል፣ ረጅም ሌንስም ይህን መርገብገብ አብሮ ያቀርበዋል። የትኛውም ውድ ሌንስ ይህን አያድንም። በማለዳ ያንሱ፣ ከጉብታ ላይ ሁኑ፣ አጠር ያለ ሌንስ ተጠቅማችሁም ባቡሩን ከመልክዓ ምድሩ ጋር አንሡት።

ስለ ምሰሶዎቹም ልጨምር። የኤሌክትሪክ ሽቦውን የተሸከሙት ምሰሶዎች በሐዲዱ ዳር ስለ ተደረደሩ፣ የባቡሩ ፊት በሁለት ምሰሶዎች መካከል ሲገባ ነው መጫን ያለባችሁ። ቀድማችሁ ክፍተቱን ምረጡ፣ ፎከሱንም እዚያው ላይ አስተካክሉ።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ የሚኖር ጓደኛዬ ድሮን አለው። ባቡሩን ከላይ ብናነሳውስ? ትራይፖዱን (ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ መቆሚያ) ሐዲድ አጠገብ መትከልስ ይቻላል?
አንባቢ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ድሮን ያለ መንግሥት ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው፤ በባቡር መስመር ላይ ደግሞ ከባድ ጥርጣሬ ያስከትላል። ከሐዲዱ በላይ ያለው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ተሸክሟል፤ ሳይነኩትም ቢሆን ቀርቦ የመጣን ብረት ሊመታ ስለሚችል የተዘረጋ ትራይፖድ በትከሻ ተሸክሞ በሽቦው ሥር ማለፍ ፈጽሞ አይገባም። የኤሌክትሪክ ባቡር ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ በተለይ ነፋስ ወደ እርሱ አቅጣጫ ሲነፍስ፣ እስኪደርስ ላይሰሙት ይችላሉ። ከሐዲዱ አፈር ክምር ወርደው ይቁሙ፣ ትራይፖዱንም እዚያው ይትከሉ፤ አንድ ሰው ካሜራ ሲያይ ሌላው ሐዲዱን በሁለቱም አቅጣጫ ይጠብቅ።