ድሬዳዋ ላይ የጌም ኮምፒውተር መገጣጠም፦ ጥያቄና መልስ

የጌም ኮምፒውተር በራሳቸው እጅ መገጣጠም የሚፈልጉ ልጆች በዝተዋል፤ ጥያቄያቸውም እንዲሁ። ከሳቢያን፣ ከከዚራ፣ ከለገሀሬ፣ ከሐረርም የደረሱኝን እዚሁ በአንድ ላይ እመልሳለሁ። አቋሜን ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ድሬ ላይ ኮምፒውተር የሚገድሉት ሙቀት፣ አቧራና መብራት ናቸው። ስለዚህ ከግራፊክስ ካርዱ (ምስሉን ከሚያወጣው ክፍል) በፊት ለፓወር ሰፕላይ (የሶኬቱን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ ለሚያከፋፍለው ሳጥን) እና ለአየር መተላለፊያ ብር መድቡ።

ጥያቄ፦ መካከለኛ አቅም ያለው ነው የምፈልገው። ምን ልግዛ?

ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር ከአርኤክስ 6600 ግራፊክስ ካርድ ጋር። በ1080ፒ (በተለመደው ፉል ኤችዲ የስክሪን ጥራት) አብዛኛውን ጌም በደንብ ያጫውትሃል። እኔ ይህን የምመርጠው በፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ ፕሮሰሰሩ 65 ዋት፣ ካርዱ 132 ዋት የሚባሉ ስለሆኑ ነው። ኮምፒውተር የሚበላው ኤሌክትሪክ በሙሉ መጨረሻው ሙቀት ሆኖ ክፍልህ ውስጥ ነው የሚቀረው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት 300 ዋት የሚበላ ካርድ ክፍልህ ውስጥ ማስገባት ምድጃ ለኩሶ እንደመቀመጥ ነው። አቅምህ ከፈቀደ አርቲኤክስ 4060 አለ፤ 115 ዋት ብቻ ነው።

ራሙን 16 ጊጋ አድርገው፤ አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8። ደግሞ ዓይነቱ ዲዲአር4 መሆኑን አይተህ ግዛ፤ ዲዲአር5 ለዚህ ፕሮሰሰር በሚሆን ማዘርቦርድ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ አይገባም። 5600 በራሱ ምስል አያወጣም። የካርዱ ብር ገና ካልሞላልህ መጨረሻው ላይ «ጂ» ያለበትን 5600ጂ ገዝተህ በሱ መጀመር ትችላለህ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ የቢሮ ዴል ኮምፒውተር አለኝ። ካርድ ብጨምርበት ጌም ያጫውታል?

ያጫውታል፤ ካርዱን ካወቅክበት። የቢሮ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ ትንሽ ነው፤ ብዙዎቹ ላይ ደግሞ ኬብሉ የራሱ ዓይነት ስለሆነ ሌላ ልቀይር ብትል አይገጥምም። ስለዚህ ተጨማሪ የኃይል ኬብል የማይፈልግ ጂቲኤክስ 1650 ፈልግ፤ ማዘርቦርዱ የካርድ ማስገቢያ ላይ የሚሰጠው 75 ዋት ይበቃዋል። ስድስት ፒን መሰኪያ ያለው 1650 ስላለ ጠርዙን አገላብጠህ እይ። ቀጭኑ ኬዝ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ከሆነ ያለህ ደግሞ አጭር ቁመት ያለው ካርድ ካልሆነ አይዘጋልህም።

ጥያቄ፦ እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ያየሁት ካርድ ጥሩ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ሳይሰካ ብር አትስጥ። ስሙ የተቀየረ ካርድ ብዙ ነው፤ ውስጡ የ2010 አሮጌ ቺፕ ሆኖ ኮምፒውተሩ ላይ 1050 ቲአይ የሚል የተሻለ ካርድ ስም ይነበባል። ጂፒዩ-ዚ የምትባለዋን ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘህ ሂድ፤ ብዙዎቹን የውሸት ካርዶች ታጋልጣለች። ከዚያ ካርዱን በሙሉ ኃይል የሚያሠራውን ፈርማርክ የሚባል ፕሮግራም 15 ደቂቃ አሂድ። ስክሪኑ ላይ መስመር ወይም ነጠብጣብ ከታየ፣ ወይም ማሽኑ ራሱን ካጠፋ፣ አመስግነህ ውጣ። ሻጩ «አቦ እመነኝ» እያለ ማስሞከር ካልፈለገ ግን መልሱን አግኝተሃል።

ጥያቄ፦ ኬዙን ስነካው ይነዝረኛል። ፓወር ሰፕላዩ ተበላሽቶ ነው?

ይህን ጥያቄ በጣም ነው የምፈልገው፤ ብዙ ሰው ለምዶት ዝም ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከቤቱ ነው። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ የመስመሩን የኤሌክትሪክ ረብሻ ወደ መሬት የሚያወርዱ ካፓሲተሮች አሉ። ሶኬቱ የመሬት መስመር ከሌለው የሚወርድበት ስለሚያጣ ኬዙ ላይ ይቀራል፤ እጅህ ላይ የምትሰማው እሱን ነው። የቆዩ ቤቶች ውስጥ ሦስተኛው ቀዳዳ ለይስሙላ ብቻ የተተወበት ብዙ ነው። ኤሌክትሪሻን አምጥተህ የመሬት መስመሩን አሠራ። ሦስተኛውን እግር ቆርጦ መሰካት ፈጽሞ አይሞከር!

ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ከሆነ ከኋላው ቀይ ማብሪያ ይኖረዋል፤ 115 እና 230 የሚል። የኛ አገር መስመር 220 ቮልት ነው። 115 ላይ እያለ ብትሰካው ባንዴ ይቃጠላል። 550 ዋት፣ 80 ፕላስ ምልክት (ኤሌክትሪክ ብዙ እንደማያባክን የሚያሳይ) ያለበት፣ በጀርባው 100-240 የሚል ግዛ፤ እሱ ላይ ቀዩ ማብሪያም የለም።

ጥያቄ፦ ስታቢላይዘር ይሻላል ዩፒኤስ?

ሥራቸው ይለያያል። ስታቢላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን መስመር ያስተካክላል፤ መብራት ከሄደ ግን ማሽንህም አብሮ ይሄዳል። ዩፒኤስ ግን ባትሪ ስላለው ሥራህን ሴቭ አድርገህ ማሽኑን የምትዘጋበት ጥቂት ደቂቃ ይሰጥሃል። ዩፒኤስ ስትገዛ በትልቁ የተጻፈውን ቪኤ (ቮልት-አምፔር) ሳይሆን ዋቱን አንብብ፤ 650 ቪኤ የሚለው ብዙ ጊዜ ከ360 ዋት አያልፍም። ሁለቱንም መግዛት ካልቻልክ ቢያንስ መብራት ሲሄድ ከሶኬቱ ንቀል፤ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ቆይተህ ስካ። መብራት የሚመለስባት ቅጽበት ናት አደገኛዋ።

ጥያቄ፦ ሐረር ነኝ። ለኛም ኬዙ ላይ ብዙ ፋን ያስፈልጋል?

እናንተ ከድሬ ወደ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላችሁ ነው የምትኖሩት፤ አየሩ ያግዛችኋል። ከፊት ሁለት አስገቢ፣ ከኋላ አንድ አስወጪ ይበቃል። የመብራቱ ምክር ግን ለሁላችንም እኩል ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ራሱ እገጣጥማለሁ ይላል፤ ልፍቀድለት?

ፍቀጂለት እህቴ፣ ደስ እያለሽ። አንድ ካቻቢቴና ትዕግሥት ነው የሚያስፈልገው። ፕሮሰሰሩ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ጋር አስተያይቶ ያስቀምጠው፤ ራሱ ነው የሚገባው፣ አይጫነው። ማቀዝቀዣው ሥር ፕላስቲክ ካለ ይላጠው። የስክሪኑን ኬብል ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ ይሰካ። ምስል እምቢ ካለ ራሙን አውጥቶ ጠቅ እስኪል ድረስ መልሶ ያስገባው። ፓወር ሰፕላዩን ግን አይክፈት፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ውስጡ የሚገድል ኤሌክትሪክ ሊቆይ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሞቀብኝ፤ ጎኑን ከፍቼ ቬንቲሌተር ባዞርበትስ?

ለዛሬ ማታ ይሠራል፤ በሳምንቱ ግን ውስጡ አቧራ በአቧራ ይሆናል። ኬዙን ከግድግዳው አርቀው፣ አየር ማስገቢያው ላይ መረብ አድርግ፣ የጌሙን ፍሬም (ስክሪኑ ላይ የሚቀያየረውን ምስል) በሴኮንድ 60 ላይ ገድበው። በመገደቡ ብቻ ካርዱ ምን ያህል እንደሚረጋጋ ራስህ ታየዋለህ።

ጥያቄ፦ አቧራውን ጎሚስታ ቤት ባስነፋውስ?

የጎማ ኮምፕሬሰር ውኃ ይተፋል፤ ግፊቱም ከባድ ነው። ለስላሳ ብሩሽና በእጅ የሚጨመቅ ማንፊያ ይበቃል። ስትነፋ ፋኑን በጣትህ ያዘው፤ በነፋስ በኃይል ከተሽከረከረ መሽከርከሪያው ይበላሻል።