ዘኒት ወይስ ፔንታክስ? የፊልም ካሜራ ጥያቄዎቻችሁ

ደብረ ማርቆስ፦ ፔንታክስ ኬ1000 እና ካኖን ኤኢ-1 ተገኝተውልኛል። ለዘወትር የትኛውን ልግዛ?

ሁለቱም በ1976 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጡ እኩያሞች ናቸው። ካኖኑ የመዝጊያውን ፍጥነት (ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) ከሰጡት የሌንሱን ቀዳዳ ራሱ ያስተካክላል፤ ለጀማሪ ይቀላል። ባለ 6 ቮልት ባትሪው ሲያልቅ ግን ቁልፉን ቢጫኑት ጭጭ ነው፤ ድንጋይ ተሸክመው ይመለሳሉ። ፔንታክሱ ትንሿን ድብልብል ባትሪ የሚፈልጋት ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው፤ ብታልቅም ማንሳቱን አይተውም። ከደጀን ወርደው ዓባይ በረሃ መሀል ባትሪ ፍለጋ ከመንከራተት ፔንታክሱን ይያዙ።

ቡሬ፦ አባታችን የተዉልን ዘኒት ኢ ባትሪ ማስገቢያ የለውም። ጎድሎት ነው?

ምንም አልጎደለውም። ግንባሩ ላይ ያለው ሸካራ መስታወት ሥር ሴሌኒየም አለ፤ ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በዕድሜ ስለሚደክም ፀሐይ ላይ አውጥተው የብርሃን መለኪያው መርፌ መነሳቱን ይዩ። ባይነሳም አይጣሉት። ባለ 100 ፊልም (አይኤስኦ 100) አጉርሰው በጠራ ፀሐይ ቀዳዳውን 16፣ ፍጥነቱን 125 (1/125 ሰከንድ) ላይ ያድርጉ። ደመና ሲሸፍነው ቀዳዳውን 8 ላይ ይክፈቱት።

ባሕር ዳር፦ ሌንሱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አለ። ሻጩ አቧራ ነው ይላል።

ሻጋታ ነው፤ ይተዉት። እርጥበት ባለበት አገር ቆዳ ቦርሳ ውስጥ ታፍኖ የከረመ ሌንስ ያበቅለዋል። ሌላ ሲያዩ ሌንሱን ፈትተው በስልክ መብራት አሻግረው ይመልከቱት። ቀጥሎ የኋላውን ክዳን ከፍተው ዙሪያውን ያለውን ጥቁር ስፖንጅ በጣትዎ ይንኩት። እንደ ቅጥራን ከተጣበቀብዎት ብርሃን ያስገባል። ይህን ሳላይ የገዛሁት ካሜራ ባለ 36 የጥምቀት ፊልሜን በልቶብኛል፤ ካህናቱ ላይ፣ ጥላው ላይ፣ ሕፃናቱ ላይ ሳይቀር ብርቱካናማ ጭረት! ስፖንጁ ይቀየራል፤ ስለዚህ ዋጋ ያስቀንሱበት እንጂ በዚህ ብቻ አይሽሹ። ፍጥነቱን 1 ሰከንድ ላይ አድርገውም ያድምጡ፤ መዝጊያው ተከፍቶ መሀል ላይ ከቀረ ግን ትተውት ይሂዱ።

ፍኖተ ሰላም፦ ነጭ የለበሱ ሰዎች ለምን ግራጫ ይሆኑብኛል?

መለኪያው ያየውን ሁሉ ግራጫ ስለሚያደርግ ነው። ነጠላው ላይ አይለኩ። በዚያው ፀሐይ ያለ አረንጓዴ ሣር ላይ ለክተው፣ ምንም ሳይነካኩ ወደ ሰዎቹ ይዙሩ።

ዳንግላ፦ ዙም ልጨምር?

አይጨምሩ። 50 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ይበቃዎታል፤ ሲርቅብዎት ሁለት እርምጃ ጠጋ ይበሉ፣ ብሩ ለፊልምና ለማሳጠቢያ ይሁን።