የኋላውን ወንበር አንስተህ እይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። "ለዓመታት ያጠራቀምኩት ገንዘብ አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘውን ክላሲክ መኪና ልግዛበት ወይስ እብደት ነው? ባለቤቴ ብክነት ነው ትላለች፣ እኔ ኢንቨስትመንት ነው እላታለሁ" ነው ያልከው። ግዛ ወይም አትግዛ ከማለቴ በፊት አንድ ነገር ልለምንህ። ያቺን "ኢንቨስትመንት" የምትል ቃል ከቤትህ አስወጣት። እኔን ከባለቤቴ ጋር ያጣላችኝ መኪናዋ ሳትሆን ይህች ቃል ናት።

ከ11 ዓመት በፊት የ1966 ሞዴል ቮልስ ገዛሁ። ለባለቤቴም ልክ እንዳንተ "ዋጋዋ በየዓመቱ ይጨምራል፣ እንደ ወርቅ ቁጠሪው" አልኳት። አመነችኝ። ጣጣው የመጣው ስላመነችኝ ነው። ደብተር አወጣች። መለዋወጫ በገዛሁ ቁጥር ደረሰኙን ተቀብላኝ ትጽፋለች። ክፋት አልነበረባትም፤ ኢንቨስትመንት ከሆነ ሒሳብ ይያዝለት ብላ ነው። በሁለተኛው ዓመት ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችልኝ። ለጥገና ያወጣሁት የመግዣውን ዋጋ አልፎ ሄዷል። "ትርፉ የትኛው ገጽ ላይ ነው?" አለችኝ። ምን ልበላት?

እዚያ እንዴት እንደደረስኩ ልንገርህ፣ አንተም የምትገባው በዚያው በር ስለሆነ። ስገዛት ቀለሟ አዲስ ነበር፣ ያብለጨልጫል። ዛሬ አሮጌ መኪና ላይ አዲስ ቀለም ሳይ "ምን ለመሸፈን ተቀባ?" እላለሁ። ያኔ ግን ፍቅር ይዞኝ ነበር። የኋላውን ኮፈን ከፍቼ ሞተሩን አዳመጥኩ፣ ትንሽ ነዳኋት፣ ከፈልኩ።

በሳምንቱ አንድ አንጋፋ መካኒክ ጋር ወሰድኳት። ሰውየው ሞተሩን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። በቀጥታ የኋላውን ወንበር ብድግ አደረጉት። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው እዚያ ስር ነው። ምንጣፉን ገለጥ አድርገው ካቻቢቴያቸውን ከባትሪው አጠገብ ወለሉ ላይ ጫን ሲያደርጉት፣ እንደ እርጥብ ካርቶን ሰርስሮ ገባ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ጫፉ በታች ወጥቷል። ከባትሪው የሚያፈሰው አሲድ ላሜራውን ለዓመታት ሲበላው ኖሯል። "ልጄ፣ ሞተር ቀላል ነው፣ ይሠራል። ኪስ የሚያራቁተው ዝገት ነው" አሉኝ። ቀጥለው ከኪሳቸው ማግኔት አወጡና ፓራፋንጎው ላይ አስጠጉት። አልይዝ አለ። ከቀለሙ ስር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነበር።

አልጨረሱም። የቤንዚኑን ጎማ ቱቦ በሁለት ጣት እጥፍ ሲያደርጉት ተሰነጣጠቀ። ይሄን ቀልድ እንዳታደርገው። ብዙ ቮልስ የተቃጠለው በዚህ ነው፤ ያረጀ ቱቦ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ያንጠባጥባል። የትኛውንም አሮጌ መኪና ብትገዛ መጀመሪያ ቱቦዎቹን በሙሉ ቀይር፣ እሳት ማጥፊያም ይኑርህ።

"ዋጋው ይጨምራል" ወደሚለው ልመለስ። አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ መርሴዲስ 300 ኤስኤልአር ኩፔ በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሽጧል። ግን የዚያ ዓይነት ኩፔ የተሠራው 2 ብቻ ነው። የኔዋ ቮልስ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ምርቷ እስኪቆም ድረስ፣ ከ21 ሚሊዮን በላይ እህቶች ተወልደውላታል። ብርቅ የሚባሉትም ቢሆኑ ሁሌ ሽቅብ አይወጡም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የፌራሪ ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተንኮታኮተ።

እኔ ግን በአንዷ መች ተማርኩ! ሁለት ከሆኑ "ስብስብ" ይባላል ብዬ ፊያት 500 ጨመርኩ። ሸራ አልብሼ አቆምኳት። ቆማ ምን ትሆናለች? ቤንዚኑ እንደ ሙጫ ሆኖ የካርቡሬተሩን ቀዳዳዎች ደፈነ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ የፍሬኑን ሲሊንደሮች አዝጎ አጣበቃቸው። ጎማዎቹ በቆሙበት በኩል ጠፍጥፈው ቀሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከገዛሁበት በታች ሸጥኳት። አስር መኪና ደርድረው ፎቶ የሚለጥፉ ሰዎችን ሳይ አሁን የሚታየኝ አስር የሞተ ባትሪ ነው።

ከባለቤቴ ጋር የታረቅነው እንዲህ ነው። "ኢንቨስትመንት" የምትለዋን ቃል ተውኳት። "ይሄ ትርፍ የለውም፣ የምወደው ነገር ነው፣ የሚወጣው ገንዘብም አይመለስም" አልኳት። ሳቀች። "ይሄን መጀመሪያ ብትለኝ ኖሮ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ በየወሩ ለእሷም ለእኔም እኩል ገንዘብ እንመድባለን፤ እሷ በድርሻዋ የምታደርገውን አልጠይቅም፣ የኔን መኪናዋ ትበላዋለች። ድርሻው ካለቀ ትቆማለች። አንዴ ፍሪሲዮኗ ተበላሽቶ አራት ወር ቆማለች። ደብተሩስ? አሁን ዘይት የተቀየረበትን ቀን እጽፍበታለሁ።

እብደት ነው ወይ ላልከው፣ ይሄን ልንገርህ። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ የቫልቮቿን (የሞተሩን መግቢያና መውጫ የሚከፍቱና የሚዘጉትን ክዳኖች) ክፍተት ራሴ አስተካክላለሁ። ሞተሩ አድሮ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። መለኪያዋ 0.15 ሚሊሜትር የሆነች ስስ ብረት ናት፤ ክፍተቱ መሃል ስታስገባት ያዝ ለቀቅ ካደረገች ልክ ነው። ልጄ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ መለኪያዋን ትስባለች። "አሁን ያዘች!" ስትል ብሎኑን አጠብቃለሁ። ለዚህች ሰዓት ስንት ትከፍላለህ ብትለኝ፣ ደብተሩ ላይ ያለውን በሙሉ እልሃለሁ። አንተም ገንዘቡ ተመልሶ እንደማይመጣ እያወቅህ እንቅልፍ የሚወስድህ ከሆነ ግዛ። ካለህ ገንዘብ ግን ግማሹን ብቻ ለመግዣ መድብ። ሌላው ግማሽ የት እንደሚሄድ መኪናዋ ራሷ ትነግርሃለች።

ከመክፈልህ በፊት ደግሞ ፎቶ ለጥፍልን። ከፊት ለፊት አምሮ የተነሳውን ተወው፣ የወለሉን።