የቀድሞ አማካይ ማይክሮፎን ሲይዝ

ጥያቄ፦ በአማካይ ስፍራ ለዓመታት ተጫውቼ ጫማዬን ሰቅያለሁ። አንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ ከኮሜንታተሩ ጎን በተንታኝነት ሊሞክረኝ ነው። እንዴት ልዘጋጅ? (አንባቢ፣ ከካዛንቺስ)

መልስ፦ አማካይነትዎ ትልቅ ስንቅ ነው። ሌላው ሰው ኳሷን ሲከተል የእርስዎ ዓይን ክፍት ቦታውን ይፈልጋል። ችግሩ ያዩትን ሁሉ ወዲያው ለመናገር ሲቸኩሉ ይመጣል። ኳስ በእንቅስቃሴ ላይ እያለች ማይክሮፎኑ የኮሜንታተሩ ነው። እርስዎ የሚገቡት ኳስ ወደ ውጭ ስትወጣ ወይም ዳኛ ሲያቆም ነው፤ ያለዎት ጊዜም 10 ሰከንድ ቢሆን ነው። አንድ ሐሳብ ተናግረው ይልቀቁ። "ድንቅ ኳስ ነው" ለአድማጭ ምንም አይጨምርም። "6 ቁጥሩ ወደ ግራ ተስቦ መሐሉን ከፈተው፤ ኳሷ ያለፈችው በዚያ ነው" ሲሉ ግን ሬዲዮ ጆሮው ላይ የለጠፈ ሰው ሜዳው ይታየዋል።

በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ ሁለቱን ቡድኖች በአሰላለፋቸው ይሳሉ። ከየማሊያው ቁጥር ሥር ስም ከነአባት፣ የሚመቸው እግርና የመጣበት ክለብ ይግቡ። በእርሳስ ይጻፉ፤ በማሟሟቂያ ላይ የሚጎዳ ተጫዋች አይጠፋም። እኛ ተጫዋች የምንጠራው በራሱ ስም ስለሆነ ሁለት አቤል ከተገናኙ የትኛው በአባቱ ስም እንደሚጠራ ከኮሜንታተሩ ጋር አስቀድመው ይስማሙ።

የቀድሞ ተጫዋቾች በብዛት የሚሰናከሉት ግን በሕጉ ነው። የሚያውቁት የተጫወቱበትን ዘመን ሕግ ስለሆነ ዳኛውን ያለጥፋቱ ይወቅሳሉ። ከእ.ኤ.አ. 2019 ወዲህ የመልስ ምትን የቡድን ጓደኛ እዚያው ፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ መቀበል ይችላል። ከ2025 ወዲህ ደግሞ ግብ ጠባቂ ኳስ ከ8 ሰከንድ በላይ በእጁ ከያዘ ለተጋጣሚ የማዕዘን ምት ይሰጣል። እነዚህን ሳያውቁ ማይክሮፎን ፊት መቀመጥ አድማጭን ማሳሳት ነው።

የቀድሞ ክለብዎ ሲጫወት "እኛ" አይበሉ።

ውጤት ሳይነገር ብዙ ከቆየም ለኮሜንታተሩ በምልክት ያስታውሱት። አሜሪካዊው የቤዝቦል አስተላላፊ ሬድ ባርበር ውጤት መናገር እንዳይረሳ የ3 ደቂቃ የአሸዋ ሰዓት ፊቱ ያስቀምጥ ነበር።

ለልምምድ ቅዳሜና እሁድ ጃን ሜዳ ይሂዱ። ስም የሌለው ማሊያ፣ ጫጫታና አቧራ ስላለ ተጫዋችን በአሯሯጡ መለየት ይለምዳሉ። ስልክዎ ላይ ቀድተው ማታ ሲያዳምጡ፣ ኳስ እየተንቀሳቀሰች የተናገሩባቸውን ቦታዎች ምልክት ያድርጉባቸው።