ቅርፊቱን ሰብራ መውጣት ያቃታት ጫጩት መቼና እንዴት ትታገዝ

እህታችን ያቀረቡት ጥያቄ፣ በትንሽ ማስፈልፈያ ማሽን ካስገቧቸው እንቁላሎች አንዱ በ21ኛው ቀን ጠዋት ተበስቶ፣ ጫጩቷ ስትጮኽ ብትሰማም እስከ ማታ ስላልወጣች፣ ቅርፊቱን ልስበርላት ወይስ ልተዋት የሚል ነው። እኔም እዚሁ ጅማ በጓሮዬ ጫጩት የማስፈለፍል በመሆኔ ከልምዴ ልመልስ። ዛሬ ማታ አይንኳት።

ጫጩት አስቀድማ በእንቁላሉ ሰፊ ጫፍ ወዳለው የአየር ክፍል ምንቃሯን አስገብታ በሳንባዋ መተንፈስ ትጀምራለች፤ ቅርፊቱን የምትበሳው ከዚያ በኋላ ነው። ከመጀመሪያው ቀዳዳ እስክትወጣ ድረስ ከ12 እስከ 24 ሰዓት መቆየቷ የተለመደ ነው። በዚህ ጊዜ ከውጭ ለሚያያት ሥራ የፈታች ብትመስልም፣ ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ሽፋን ላይ የተዘረጉት የደም ሥሮች ደማቸውን ወደ ሰውነቷ እየመለሱ፣ የተረፈው አስኳልም በእትብቷ በኩል ወደ ሆዷ እየገባ ነው። ይህ ሳያልቅ ቅርፊቱን የላጠ ሰው ጫጩቷን ያደማታል፣ አለዚያም አስኳሏ ውጭ እንደተንጠለጠለ ያወጣታል። ጎረቤት «ሳትታፈን አውጫት» ማለቱ አይቀርም፤ ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ምንቃሯ ከታየና ድምፅዋ ከተሰማ ግን አልታፈነችም።

ልብ ሊሉት የሚገባው የሽፋኑን ሁኔታ ነው። በቀዳዳው ጠርዝ ላይ የሚታየው ሽፋን ነጭና ለስላሳ ከሆነ መጠበቅ ይቻላል። እንደ አሮጌ ወረቀት ቢጫ ሆኖ ደርቆ ላባዋ ላይ ከተጣበቀ፣ ቀዳዳው ከተከፈተ ከ24 ሰዓት በላይ ሆኖት ምንም ካልሰፋ፣ ድምፅዋም እየደከመ ከሄደ፣ ያን ጊዜ መርዳት ተገቢ ነው። ቀዳዳው በሹሉ ጫፍ ከሆነ ጫጩቷ ተገልብጣ ተቀምጣለች ማለት ነውና፣ በራሳቸው የሚወጡ ቢኖሩም ክትትሉን ማጥበቅ ይገባል።

ለመርዳት ሲነሡ መስኮቱን ይዝጉ፣ እጅዎን ይታጠቡ፤ ፈልቶ ለብ ያለ ውኃ፣ የጆሮ ጥጥ፣ ወረንጦና የእጅ ባትሪ ያዘጋጁ። የአፍንጫዋን ቀዳዳ እንዳይነኩ ተጠንቅቀው ሽፋኑን በጥጡ ያርጥቡት። ደረቁ ሽፋን ሲርስ ብርሃን ያሳልፋል፤ ባትሪውን ሲያበሩበት በደም የተሞሉ ቀይ ሥሮች ከታዩ ሥራውን አቁመው እንቁላሉን ወደ ማሽኑ ይመልሱትና ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ደግመው ይዩት። ሥሮቹ ከጠፉ ግን ከቀዳዳው ጀምረው በሰፊው ጫፍ ዙሪያ ቅርፊቱን በትንሽ በትንሹ ይንቀሉ፤ ጠብታ ደም ካዩ በንጹሕ ጥጥ ጫን አድርገው ይያዙና ያቁሙ። ራሷና አንገቷ ነጻ ከሆኑ በኋላ የታችኛውን ግማሽ ለእርሷ ይተዉላት። በእግሯ ገፍታ መውጣት አለባት፤ እየሳቡ ማውጣት እትብቷን ይጎዳል። አስኳሉ ሙሉ በሙሉ ሳይገባ ከተገኘ አይቁረጡት፤ በግማሹ ቅርፊት ውስጥ እንዳለች ወደ እርጥቡ ማሽን ትመለስ።

ሌሎች ያልተፈለፈሉ እንቁላሎች ካሉ ደግሞ ክዳኑን በየሰዓቱ አይክፈቱ። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር እርጥበቱ ይወጣና አንዷን ለማዳን ሲባል የሌሎቹ ሽፋን ይደርቃል። ቀድመው የወጡት በሆዳቸው ባለው አስኳል ምክንያት እስከ 48 ሰዓት ያለ ምግብና ውኃ መቆየት ስለሚችሉ እነርሱን ለማውጣት አይቸኩሉ።

ከ18ኛው ቀን በፊት የተሠራው ስሕተት በ21ኛው ቀን መታየቱ የታወቀ ነው። በእኛ በጅማ በክረምት አየሩ ራሱ እርጥብ ሆኖ ሳለ የማሽኑን የውኃ ገንዳዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መሙላት እንቁላሉ ማጣት ያለበትን ውኃ እንዳያጣ ያደርገዋል፤ የአየር ክፍሉ ይጠብና ጫጩቷ አብጣ፣ ተጣብቃ ትቀራለች። በበጋ ደግሞ ተቃራኒው ይሆንና ሽፋኑ ይደርቃል። ስለዚህ ገንዳውን ሳይሆን የእርጥበት መለኪያውን ማየት ይበጃል፤ እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 55 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ እንቁላል ማገላበጡ ቆሞ ከ65 እስከ 70 በመቶ ይሁን። የአየር ማራገቢያ ባለው ማሽን ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ገደማ ነው። እርጥበት ይያዝልኝ ብሎ የአየር ማስገቢያዎቹን መድፈን በመጨረሻዎቹ ቀናት ጫጩቶቹን ያፍናል፤ መብራት ሲጠፋም ማሽኑን በብርድ ልብስ ሲሸፍኑ እነዚህን ቀዳዳዎች ክፍት ይተዉ። እንቁላሉ ከሂርማታ ገበያ ወይም ከገጠር በባጃጅ ተንገጫግጮ የመጣ ከሆነ፣ ማሽን ከመግባቱ በፊት ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ አንድ ቀን ይረፍ፤ የአየር ክፍሉ ከቦታው የተናወጠ እንቁላል ጫጩቷን ያስቸግራታል።

እስከ ነገ ጠዋት ለውጥ ከሌለ፣ ቀዳዳው በየትኛው ጫፍ እንዳለ፣ የሽፋኑን ቀለምና መለኪያው የሚያሳየውን እርጥበት ቢጽፉልን፣ መቼ መጀመር እንዳለብዎት ቁርጥ አድርጎ መናገር ይቻላል።