«ማሩ ይጣፍጣል» ወይስ «ማሩ ጣፈጠኝ»?

ጥያቄ፦ ስለ ጥንታዊው ግሪካዊ ፈላስፋ ስለ አሪስጢጶስና ስለ ተከታዮቹ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «ሲሬናይኮች» ልበላቸው? ትምህርታቸውንስ «ደስታ ወዳድነት» ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦ ስሙ ቀላል ነው፤ ስማቸው የወጣባት ከተማ በአማርኛ ስም አላት። የክርስቶስን መስቀል የተሸከመው ስምዖን «የቀሬና ሰው» ይባል የለ? ያቺው ቀሬና ናት፣ ፍርስራሿ ዛሬ ሊቢያ ውስጥ ያለው። አሪስጢጶስ የዚያች ከተማ ልጅ ነው፤ አቴና ሄዶ የሶቅራጥስ ተማሪ ሆነ። ስለዚህ «ቀሬናውያን» ይበሉ። አንባቢ የሚያውቀውን አገር በእንግሊዝኛ አፍ ጠርቶ ባዕድ ማድረግ ምን ይጠቅማል?

«ደስታ» ላይ ግን ቆም ይበሉ። ቀሬናውያን ሁለት ነገር ይለያሉ። አንዱ አሁን፣ በዚህች ቅጽበት የሚሰማን ነው፤ ውሃ ጥም አቃጥሎን የመጀመሪያውን ጉንጭ ስንውጥ ደረታችን ላይ የሚወርደው ዓይነት። ሌላው የእነዚህ ቅጽበቶች ድምር፣ ደስተኛ ኑሮ የምንለው ነው። ለራሱ ተብሎ የሚፈለገው የመጀመሪያው ነው ባይ ናቸው። ሁለቱንም «ደስታ» ካሏቸው ክርክሩ እንዳለ ይጠፋል። እኔ ለቅጽበቱ «ተድላ»ን፣ ለድምሩ «ደስታ»ን እመርጣለሁ። «ፈንጠዝያ»ን ግን አደራ እንዳያስገቡ! እሱ ስድብ ነው። አሪስጢጶስ ራሱ ተድላን መግዛት እንጂ ለተድላ መገዛት አይገባም ይል ነበር።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ቀሬናውያን በእርግጠኝነት የምናውቀው የደረሰብንን ስሜት ብቻ ነው፣ ስሜቱን ያመጣውን ነገር ምንነት ግን አናውቅም ይላሉ። ይህን ለመግለጽ ግሪክኛው አስቸግሯቸው ለጆሮ የሚከብዱ አነጋገሮችን እስከ መጠቀም ደርሰዋል። አማርኛ ግን ይህን በየቀኑ ይናገረዋል! «ማሩ ይጣፍጣል» ስል ስለ ማሩ እየመሰከርኩ ነው፤ «ማሩ ጣፈጠኝ» ስል ስለ ራሴ። ወባ የያዘው ሰው ያንኑ ማር ቀምሶ «መረረኝ» ቢል ማናችንም አልዋሸንም። «ደስ አለኝ»፣ «አመመኝ»፣ «በረደኝ» ሁሉ እንዲሁ ናቸው፤ ስሜቱ ይመጣል፣ እኔ ተቀባይ ነኝ። ስለዚህ ሐሳባቸውን ሲያብራሩ ከባድ ቃል አይፈልጉ፣ ይቺን «ኝ» ይጠቀሙባት።

ቀለም ላይ ብቻ እኛም እንቸገራለን። ግሪኮቹ ነጭ ነገር ያየውን ሰው «ነጣሁ» እንደ ማለት ባለ ግስ ያናግሩታል። እርስዎ «ነጭ ሆኖ ታየኝ» ብለው ይለፉት።