ዕድሜው በምን ታወቀ? ባዮሎጂ ለምትማሩ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ባዮሎጂ ሳስተምር ስለኖርኩ «ረጅም ዕድሜ ያለው ፍጡር የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይመጣብኛል። «ዕድሜውን በምን አወቁ?» ብላችሁ ስትቀጥሉ ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል። ሁለት ፍጡራን ላንሳላችሁ።

የግሪንላንድ ሻርክ በሰሜን አትላንቲክና በአርክቲክ ጥልቅ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይኖራል። የብዙ ዓሦች ዕድሜ በጆሯቸው ውስጥ ባለች ጠጣር ነገር ላይ ከሚታዩ ቀለበቶች ይቆጠራል። ይህ ሻርክ ግን የሚቆጠር ቀለበት የለውም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ወደ ዓይኑ ሄዱ። የሌንሱ እምብርት ከመወለዱ በፊት ተሠርቶ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ አይታደስም። እዚያ ያለውን ካርበን 14 (ራዲዮአክቲቭ የሆነ የካርበን ዓይነት) ለኩ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የተፈተኑት የኑክሌር ቦምቦች የተዉት ምልክት በትንንሾቹ ዓይን ውስጥ ተገኘ፤ በትልልቆቹ አልነበረም፤ እነሱ ከዚያ በፊት ተወልደዋል ማለት ነው። ጥናቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከተመረመሩት 28 ሴት ሻርኮች ትልቋ፣ 5 ሜትር የሞላችው፣ 392 ዓመት ተገመተች፤ ሲደመር ሲቀነስ 120። ለመውለድ የሚደርሱት 150 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው ተብሎ ይገመታል። ይህ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል፣ ያሳስበኛልም። አንዲት ሻርክ መቶ ዓመት ኖራ፣ ገና ሳትወልድ መረብ ውስጥ ልትገባ ትችላለች ማለት ነው።

ሌላው አርሚላሪያ ኦስቶዬ የሚባለው ፈንገስ ነው፤ በአሜሪካ ኦሪገን፣ በማልሂር ደን። ላይ ላዩን የምታዩት በመጸው የሚወጣ እንጉዳይና የሚደርቅ ዛፍ ነው። ከሥር ግን የጫማ ማሰሪያ የመሰሉ ጥቁር ክሮች ከዛፍ ሥር ወደ ዛፍ ሥር ይሄዳሉ። አንዱ ፈንገስ ብቻውን 9.6 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይዟል። አንድ መሆኑን ለማወቅ ከተለያየ ቦታ ናሙና ወስደው በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ጎን ለጎን አሳደጉ። ያው ራሱ ከሆነ ይዋሃዳል፤ ባዕድ ከሆነ መሃል ላይ ድንበር ይሠራል። ዲኤንኤውም ይህንኑ አሳየ።

ዕድሜው ግን ሌላ ጣጣ ነው። ሻርኳ ከልደቷ ጀምሮ የያዘችው ነገር ዓይኗ ውስጥ አለ። ፈንገሱ እንዲህ ያለ ነገር አላስቀረም። ስለዚህ ስፋቱን በዓመት ከሚያድገው ጋር አስልተው ከ1,900 እስከ 8,650 ዓመት አሉ። ልዩነቱን ተመልከቱ! ሰው ግን 8,650ን ብቻ ነጥቆ ይሮጣል። ይህ ያናድደኛል፤ ሰፊው ልዩነት የተመራማሪዎቹ ድክመት ሳይሆን ሐቀኝነታቸው ነውና።

ነገ ሥራ ስትይዙ አለቃችሁ «አንድ ቁጥር ብቻ አምጡ» ሊላችሁ ይችላል። ሁለቱንም ጫፍ ይዛችሁ ግቡ። እንዴት እንደተለካም በአንድ መስመር ከሥሩ ጻፉ።